ካሊብሬሽን ሁሉ አንድ አይደለም፦ ዲጂታል የጨረራ መለኪያችሁን ለማን ትሰጣላችሁ?

አዲሶቹ ዲጂታል የጨረራ መለኪያዎች ለዓይን ደስ ይላሉ። መርፌ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ መገመት ቀርቷል። ስክሪኑ 0.23 ማይክሮሲቨርት (የጨረራ መጠን አሃድ) በሰዓት ብሎ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ያየ ሰው ቁጥሩን ቢያምን አይፈረድበትም። ነገር ግን የአሃዙ ብዛትና የልኬቱ ትክክለኛነት አይገናኙም። መለኪያው ከእውነቱ 30 በመቶ ቢርቅም ስክሪኑ ላይ ያው ሁለት አሃዝ ይወጣል።

ካሊብሬሽን፣ ማለትም ንባቡን ከታወቀ መጠን ጋር ማመሳከር፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ችግሩ፣ በዚህ ስም የሚሸጠው አገልግሎት አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። አንዱ መለኪያውን መጠኑ በታወቀ ጨረራ ፊት አቁሞ ይፈትሻል። ሌላው የኤሌክትሪክ ምት ብቻ ሰጥቶ ስቲከር ይለጥፋል። ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ግን አንድ ቃል ነው።

ይህ ጽሑፍ ለሆስፒታል ባዮሜዲካል ባለሙያዎች፣ ለብየዳ ፍተሻ ራዲዮግራፈሮች፣ መንገድ ሥራ ላይ የአፈር ጥግግት መለኪያ ይዘው ለሚውሉ ቴክኒሻኖች ነው። ለእነሱ በጀት ለሚፈርሙ ኃላፊዎችም ነው። የዕቃ ብራንድ አላወዳድርም። የማወዳድረው መለኪያውን ካሊብሬት የሚያደርጉትን አማራጮች ነው።

## ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት

የምትለኩት ጨረራ ጉልበቱ ስንት ነው? ከሁሉም በፊት የሚመጣው ይህ ጥያቄ ነው፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። አብዛኞቹ ላብራቶሪዎች ለፍተሻ የሚጠቀሙት የጨረራ ምንጭ ሲዚየም-137 ነው። ጋማው 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት አለው። ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ገደማ ስለሆነ ምንጩ ቶሎ አይደክምም። ሥራችሁ ከሲዚየም ወይም ከኮባልት-60 ጋር ከሆነ ይህ በቂ ነው።

ኤክስሬይ ክፍል ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ከታካሚው ተበትኖ ወደ በሩና ወደ ግድግዳው የሚመጣው ጨረራ ጉልበቱ በአሥሮች ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የሚቆጠር ነው። የጉልበት ማካካሻ የሌለው ጋይገር ቱቦ (ጨረራን በምት የሚቆጥር በጋዝ የተሞላ ቱቦ) 60 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ከሲዚየም ይልቅ በብዙ እጥፍ አጋኖ ያነባል። ሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ያለው መለኪያም በዝቅተኛ ጉልበት ላይ እንዲሁ ያጋንናል። ስለዚህ ለሲዚየም ንጹህ ሰርተፊኬት ያለው መለኪያ ኤክስሬይ በር ላይ ከእውነቱ የራቀ ቁጥር ሊሰጣችሁ ይችላል። ሰርተፊኬቱ አልዋሸም። የተጠየቀው ስለ ሌላ ጨረራ ነበር።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው በኤክስሬይ ጨረራ ጭምር ካሊብሬት የሚያደርግ ላብራቶሪ መምረጥ ነው። እንዲህ ዓይነት ጨረራዎች አይኤስኦ 4037 በሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ተዘርዝረዋል። ሁለተኛው በሲዚየም አስደርጎ፣ አምራቹ ያወጣውን የጉልበት ምላሽ ግራፍ ይዞ ማረም ነው። የኑክሌር ሕክምና ክፍሎች መካከል ላይ ናቸው። ቴክኒሺየም-99ኤም 140፣ አዮዲን-131 ደግሞ 364 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማ ያወጣሉ። ጥሩ ማካካሻ ያለው መለኪያ እዚያ ብዙ አያስቸግርም።

ካሊብሬሽን የማያስተካክለው ነገር እንዳለም አስታውሱ። የካንሰር ሕክምና ሊኒየር አክስለሬተር ጨረራውን የሚሰጠው በአጫጭር ምቶች ነው። ጋይገር ቱቦ ለአንድ ምት ከአንድ በላይ መቁጠር አይችልም። ማሽኑ በሰከንድ 200 ምት ቢሰጥ፣ ጨረራው የቱንም ያህል ቢበረታ መለኪያው በሰከንድ ከ200 አያልፍም። እዚህ ቦታ የሚያስፈልገው ምት ሳይቆጥር ጨረራው የሚፈጥረውን ቻርጅ የሚለካው አዮን ቻምበር ነው። የተሳሳተ መለኪያ ይዞ ጥሩ ላብራቶሪ መፈለግ ገንዘብ ማባከን ነው።

ስንት ነጥብ ላይ ይፈተሻል? በመርፌ የሚሠሩት የድሮዎቹ መለኪያዎች ማዞሪያ ነበራቸው። ደረጃ በተለወጠ ቁጥር በዓይን ይታያል። ዲጂታሉ ደረጃውን በራሱ ይቀይራል፣ ለተጠቃሚው አይነግረውም። አንዳንዶቹ ውስጥ ሁለት ቱቦ አለ። አንዱ ለዝቅተኛ መጠን፣ ሌላው ትንሹ ለከፍተኛ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ቦታ ላይ ስህተት ሊደበቅ ይችላል። ስለዚህ ከመሻገሪያው በታችም በላይም እንዲፈተሽ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሌላም ምክንያት አለ። ጋይገር ቱቦ አንድ ጊዜ ከቆጠረ በኋላ ለቅጽበት ይደነዝዛል። ብዙውን ጊዜ ይህ ወደ 100 ማይክሮሰከንድ ይጠጋል። በሰከንድ 2000 ከቆጠረ፣ ከዚያች ሰከንድ 0.2ቱን ደንዝዞ አሳልፏል። እውነተኛው ቁጥር 2000 ለ0.8 ሲካፈል የሚገኘው 2500 ነው። ያልታረመ መለኪያ እዚህ ላይ 20 በመቶ አሳንሶ ያነባል። ዲጂታል መለኪያዎች ይህን በሶፍትዌር ያርማሉ። እርማቱ የሚሠራው ግን ውስጡ የተመዘገበው የመደንዘዣ ጊዜ ልክ ከሆነ ብቻ ነው። ያ ቁጥር ከተበላሸ ዝቅተኛው መጠን ፍጹም ልክ ሆኖ ይታያል፣ ከፍተኛው ያሳንሳል። የሚያሰጋው ደግሞ ከፍተኛው ነው። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የተደረገ ካሊብሬሽን ይህን አያይም።

እዚህ ላይ የአሜሪካ የኑክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን ደንብ ጥሩ መመዘኛ ይሰጣል፤ ሌላ አገር ብትሆኑም ይጠቅማችኋል። ለኢንዱስትሪ ራዲዮግራፊ የወጣው 10 ሲኤፍአር (የፌዴራል ደንቦች ስብስብ) 34.25 ስለ ዲጂታል መለኪያ ለብቻው ይናገራል። በሰዓት ከ0.02 እስከ 10 ሚሊሲቨርት ባለው ክልል ውስጥ 3 ነጥብ ላይ እንዲፈተሽ፣ በእያንዳንዱም ነጥብ ስህተቱ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ጊዜውም ከ6 ወር መብለጥ የለበትም። ከጥገና በኋላም ይደገማል፤ ባትሪ መቀየር ብቻ አይቆጠርም። ለሕክምና የወጣው 35.61 ከመጀመሪያ አገልግሎት በፊት፣ ከዚያም በየዓመቱ፣ ካሊብሬሽኑን ከሚነካ ጥገና በኋላም ይጠይቃል። በእያንዳንዱ የአሥር እጥፍ ደረጃ ሁለት የተራራቁ ንባቦች ያስፈልጋሉ። ልዩነቱ ከ20 በመቶ ካለፈ መለኪያውን መጠቀም አይቻልም። ቴክሳስ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ኮሎራዶና ሌሎችም ብዙ ግዛቶች ቁጥጥሩን ራሳቸው ስለሚሠሩ፣ እዚያ የምትሠሩ የግዛታችሁን ደንብ ተመልከቱ። በኢትዮጵያ ዘርፉን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ነው፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ነው። የጊዜ ገደቡን ከፈቃዳችሁ ላይ አንብቡ፣ ግልጽ ካልሆነም ባለሥልጣኑን በደብዳቤ ጠይቁ።

ከባሕር ጠለል ስንት ሜትር ላይ ናችሁ? ይህ ጥያቄ በቀላሉ ይዘነጋል። ለእኛ ግን ዋና ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቷ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ብዙዎቹ አዮን ቻምበሮች ደግሞ ለውጭ አየር ክፍት ናቸው። የሚለኩት ጨረራው ውስጣቸው ባለው አየር ላይ የሚፈጥረውን ቻርጅ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቻርጁም ያንሳል።

ውጤቱ ቀላል አይደለም። ላብራቶሪዎች ሰርተፊኬቱን አብዛኛውን ጊዜ ለ20 ዲግሪ ሴልሺየስና ለ101.3 ኪሎ ፓስካል አስተካክለው ይሰጣሉ። ያ መለኪያ አዲስ አበባ ሲገባ 100 ማለት ያለበትን 76 አካባቢ ብሎ ያነባል። ከ20 በመቶው ገደብ ወጣ ማለት ነው። ማንም ሳይነካው፣ ምንም ሳይበላሽ። ንባቡን በ1.3 ገደማ ማባዛት ያስፈልጋል። ትክክለኛውን ቁጥር ለማግኘት 101.3ን በቦታው ግፊት አካፍሉ። ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና አውሮራ ያሉ ወገኖቻችንም ከዚህ አያመልጡም። እዚያ 1,600 ሜትር ላይ ጉድለቱ ከ17 እስከ 18 በመቶ ይደርሳል።

አንዳንድ ዲጂታል አዮን ቻምበሮች የግፊት መለኪያ አላቸው፣ በራሳቸው ያርማሉ። ሌሎች ሜኑ ውስጥ ከፍታ እንድታስገቡ ይጠይቃሉ። ምንም የሌላቸውም አሉ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ መመሪያው ላይ ፈልጉ። ላብራቶሪው እርማቱን አድርጎ ከላከ እናንተ ደግማችሁ እንዳታባዙም ተጠንቀቁ። የታሸጉት ጋይገር ቱቦዎችና ክሪስታል ያላቸው መለኪያዎች በዚህ አይነኩም።

ሰርተፊኬቱ የሚናገረው ስለ የትኛው መጠን ነው? ዲጂታል መለኪያ ላይ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ከሮንትገን ወደ ሲቨርት መቀየር ቀላል ነው። ከጀርባው ያለው ስሌት ግን ቀላል አይደለም። አንድ ሮንትገን አየር ውስጥ 8.76 ሚሊግሬይ ነው። በሲዚየም ጉልበት ይህ 10.5 ሚሊሲቨርት ገደማ የአካባቢ ዶዝ ይሆናል። ከ60 እስከ 80 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ግን ከግሬይ ወደ ሲቨርት የሚያሻግረው ቁጥር ከ1.2 ወደ 1.7 ገደማ ይወጣል። ስለዚህ ሰርተፊኬቱ መጠኑን በስሙ ይጥቀስ፦ በግሬይ የሚነገረው የአየር ኬርማ ነው፣ በሮንትገን የሚነገረው ኤክስፖዠር ነው፣ ወይስ በሲቨርት የሚነገረው፣ ኤች ስታር 10 የሚባለው የአካባቢ ዶዝ?

ከመስተካከሉ በፊት ያነበበው ተመዝግቧል? ለእኔ ይህ የጥሩና የመጥፎ አገልግሎት መለያ ነው። መለኪያው ሲደርስ ያነበበው ተመዝግቦ፣ ከዚያ በኋላ ነው መስተካከል ያለበት። ሲደርስ 35 በመቶ ያሳንስ ከነበረ፣ ባለፈው ዓመት «ደህና ነው» ያላችሁት በርና ግድግዳ እንደገና መታየት አለበት። አስተካክሎ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ የሚልክ አገልግሎት ይህን መረጃ ከእጃችሁ ይወስዳል። ሠራተኛ ለምን ያህል ዶዝ እንደተጋለጠ የሚነግራችሁም ያው የጠፋው ንባብ ነበር።

የቀሩት ሁለት መመዘኛዎች አጫጭር ናቸው። ልኬቱ እስከ ብሔራዊ የልኬት ተቋም ድረስ በሰነድ ይያያዛል? መለኪያው ለስንት ጊዜ ከእጃችሁ ይወጣል?

## አማራጮቹ

አክሬዲቴሽን ያለው ላብራቶሪ። አይኤስኦ 17025 የሚባለውን የላብራቶሪ ብቃት መስፈርት አሟልቶ በገለልተኛ አካል የተመሰከረለት ነው። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1976 ያቋቋሙት የሁለተኛ ደረጃ ዶዝ ልኬት ላብራቶሪዎች መረብም እዚህ ይመደባል። ጥንካሬው ግልጽ ነው። የልኬቱ ሰንሰለት በሰነድ ይታያል፣ የስህተት ወሰኑ ይጻፋል፣ ከመስተካከሉ በፊት ያለው ንባብም ይጠየቃል። ብዙዎቹ ከሲዚየም ሌላ ኮባልት፣ አንዳንዶቹም ኤክስሬይ አላቸው።

ጥንቃቄ የሚፈልገው አክሬዲቴሽን ለምን እንደተሰጠ ማየት ነው። ለሚዛን ወይም ለቴርሞሜትር አክሬዲቴሽን ያለው ላብራቶሪ ለጨረራም አለው ማለት አይደለም። የአገልግሎት ዝርዝሩን አስልኩና ጨረራ፣ የዶዝ ክልልና ጉልበት ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ድክመቱ ወረፋና ርቀት ነው። ሌላም አለ። አንዳንድ ዲጂታል መለኪያዎች በአምራቹ ሶፍትዌር ካልሆነ አይከፈቱም። ያኔ ላብራቶሪው ማስተካከል ስለማይችል የእርማት ቁጥር ብቻ ይሰጣችኋል። ይህ ስህተት አይደለም። ቁጥሩን መለኪያው ላይ ለጥፎ በእያንዳንዱ ንባብ ማባዛት ግን የእናንተ ሥራ ይሆናል። ሲቸኩሉ ደግሞ ይረሳል።

አምራቹ ወይም የተፈቀደለት ወኪል። ዕቃውን የሠራው ሰው ውስጡን ያውቃል። ያረጀ ቱቦ ይቀይራል፣ ሶፍትዌር ያድሳል፣ የመደንዘዣ ጊዜውን እንደገና ያስገባል። መለኪያው ከተበላሸ ወይም ንባቡ ከዓመት ዓመት ከሸሸ ምርጫዬ ይሄ ነው። ጤነኛ ለሆነ መለኪያ ግን ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። አንዳንድ አምራች አክሬዲቴሽን አለው፣ አንዳንዱ «ፋብሪካ መስፈርት አሟልቷል» የሚል አንድ ገጽ ብቻ ይልካል። ያ አንድ ገጽ ነጥቦቹንና ንባቦቹን ካልዘረዘረ ለተቆጣጣሪም ለእናንተም አይረባም።

ከኢትዮጵያ የምትልኩ ከሆነ ወረቀቱን አስቀድሙ። ዕቃው ለጊዜው ወጥቶ የሚመለስ መሆኑ ጉምሩክ ላይ ካልተመዘገበ፣ ሲመለስ እንደ አዲስ ዕቃ ሊታይ ይችላል። መለኪያው ጎን ላይ ትንሽ የመፈተሻ ምንጭ ተለጥፎ ከሆነ ደግሞ አውልቃችሁ አስቀሩት። በሊቲየም ባትሪ ላይም የአየር ጭነት ደንብ አለ።

በራስ ተቋም ውስጥ ማድረግ። ብዙ መለኪያ ላለው ትልቅ ተቋም ያዋጣል። የታወቀ ምንጭ፣ ርቀቱ የተለካ ሐዲድ፣ ሰፊ ክፍል፣ የሠለጠነ ሰው፣ የተጻፈ አሠራርና በፈቃዱ ውስጥ የተካተተ መብት ይፈልጋል። አንዱ ከጎደለ ባይጀመር ይሻላል።

ሒሳቡ የት እንደሚያታልል ላሳያችሁ። አንድ ጊጋቤክሬል ሲዚየም-137 አንድ ሜትር ላይ በሰዓት 90 ማይክሮሲቨርት ገደማ ይሰጣል። ርቀቱን ወደ 30 ሳንቲሜትር ስታሳጥሩ ወደ 1 ሚሊሲቨርት ይደርሳል። 10 ሚሊሲቨርት ድረስ ለመፈተሽ በዚያው ርቀት አሥር እጥፍ ምንጭ ያስፈልጋል። ያን ያህል ምንጭ መያዝ ራሱ የጨረራ መከለያ፣ ጥበቃና ፈቃድ ያመጣል። 30 ሳንቲሜትር ላይ አንድ ሳንቲሜትር ብትስቱ ንባቡ 7 በመቶ ገደማ ይሳሳታል። ርቀቱ የሚለካውም እስከ መለኪያው ፊት ሳይሆን እስከ ውስጠኛው ቱቦ መሃል ነው። ሲዚየም በዓመት 2.3 በመቶ ይቀንሳል። የአምስት ዓመት ሰርተፊኬት ሳያርሙ መጠቀም 11 በመቶ ስህተት ነው። ግድግዳው የሚመልሰው ጨረራም ይጨመርበት። እነዚህ ሲደማመሩ 20 በመቶ ሩቅ አይሆንም።

ይህን መንገድ የመረጠ ተቋም አንድ ማመሳከሪያ መለኪያ ለብቻው ያስቀምጥ። ያ መለኪያ ወደ መስክ አይውጣ። በየጊዜው አክሬዲቴሽን ወዳለው ላብራቶሪ ይላክ፣ የቀሩት ከእሱ ጋር ይመሳከሩ።

የኤሌክትሪክ ምት ፍተሻ። ፐልሰር የሚባል መሣሪያ በሰከንድ የታወቀ ቁጥር ምት ወደ መለኪያው ይልካል። ስክሪኑ በትክክል ከቆጠረ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ጤነኛ ነው። ቱቦው ግን በዚህ ፍተሻ ውስጥ የለም። ሚዛን ላይ ኪሎ ሳያስቀምጡ ማሳያውን ብቻ እንደ መፈተሽ ነው። ቱቦው ቢሰነጠቅ፣ ጋዙ ቢያልቅ፣ ከፍተኛ ቮልቴጁ ቢወርድ ፐልሰሩ አያውቅም። ጨረራ ለማግኘት በሚከብድበት ከፍተኛ ክልል ላይ ከጨረራ ፍተሻ ጋር ተደምሮ ይጠቅማል። ብቻውን ካሊብሬሽን ተብሎ ሲሸጥላችሁ አትግዙ።

የመፈተሻ ምንጭ። ብዙ መለኪያ ጋር የምትመጣ ትንሽ ክብ ሲዚየም ናት። ዋጋዋ ትንሽ፣ ጥቅሟ ግን ትልቅ ነው። መለኪያው ከካሊብሬሽን እንደተመለሰ ምንጯን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ አስቀምጣችሁ ንባቡን ጻፉ። ከዚያ በየሥራ ቀኑ መጀመሪያ ድገሙት። ከመጀመሪያው በ20 በመቶ ከራቀ መለኪያውን ከሥራ አውጡት። ካሊብሬሽንን አትተካም። በሁለት ካሊብሬሽኖች መካከል መለኪያው ሲበላሽ የሚነግራችሁ ግን እሷ ብቻ ናት። የዲጂታል ስክሪን ቁጥር ስለሚያመነታ ቶሎ አትጻፉ፤ እስኪረጋ ጠብቁ።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | የሰነድ ሰንሰለት | ጉልበትና ክልል | ከእጅ የሚወጣበት ጊዜ | ወጪ | ብቻውን ይበቃል? |
|---|---|---|---|---|---|
| አክሬዲቴሽን ያለው ላብራቶሪ | ጠንካራ | ሲዚየም፣ አንዳንዴ ኤክስሬይም፤ ከፍተኛ መጠን ይደርሳል | መካከለኛ፣ ወረፋ ካለ ረጅም | መካከለኛ | አዎ |
| አምራች ወይም ወኪል | እንደ አምራቹ | አብዛኛውን ጊዜ ሲዚየም፤ ጥገና ይጨምራል | ረጅም፣ ባሕር ማዶ ከሆነ በጣም ረጅም | ከፍተኛ | ሰርተፊኬቱ ዝርዝር ከሆነ አዎ |
| በራስ ተቋም | በማመሳከሪያው መለኪያ በኩል | ባለው ምንጭ የተገደበ | አጭር | መጀመሪያ ከፍተኛ፣ ኋላ ዝቅተኛ | ፈቃድና ባለሙያ ካለ አዎ |
| የኤሌክትሪክ ምት | ለጨረራ የለም | ቱቦውን አይፈትሽም | አጭር | ዝቅተኛ | አይበቃም |
| የመፈተሻ ምንጭ | የለም | አንድ ዝቅተኛ ነጥብ | የለም | እጅግ ዝቅተኛ | አይበቃም፣ በየቀኑ ግን ያስፈልጋል |

## ለእናንተ የትኛው?

አንድ ወይም ሁለት ኤክስሬይ ማሽን ያለው ክሊኒክ የራሱን መለኪያ ባይገዛም ያስኬዳል። የክፍሉን የጨረራ መከለያ መፈተሽ በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀን የሚሠራ ሥራ ነው። ካሊብሬት የተደረገ አዮን ቻምበር ያለው ባለሙያ መቅጠር ይረክሳል፣ ውጤቱም ይታመናል። ባለሙያው ሲመጣ ሰርተፊኬቱን ጠይቁት፤ የኤክስሬይ ጉልበት ላይ የተፈተሸ መሆኑንና የከፍታውን እርማት እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳችሁ።

የኑክሌር ሕክምና ክፍል ሁለት ዓይነት ካሊብሬሽን ይፈልጋል። የዶዝ መለኪያው ከላይ ባልኩት መንገድ ይሄዳል። የብክለት መለኪያው ግን ሌላ ነው። ጠፍጣፋው ጋይገር በሲቨርት ሳይሆን በቁጥር ይሠራል። የሚፈለገው ሰፊ ገጽ ባለው ምንጭ ላይ የተገኘ የቅልጥፍና መቶኛ ነው። ቅልጥፍናው 10 በመቶ ከሆነ፣ ከአካባቢው ጨረራ በላይ በሰከንድ 50 ቁጥር ማለት ከገጹ 500 ልቀት ነው። ሁለቱን በአንድ ሰርተፊኬት ጠቅልሎ የሚሰጥ አገልግሎት ካጋጠማችሁ በደንብ ጠይቁ።

ለብየዳ ፍተሻ ኢሪዲየም-192 የተባለውን የጨረራ ምንጭ ይዘው ለሚወጡ ቡድኖች በጀት ላይ አልደራደርም። ምንጩ ወደ መያዣው መመለሱን ለሠራተኛው የሚነግረው መለኪያው ነው። ለአንድ ቡድን ሁለት መለኪያ ይኑር። አንዱ ካሊብሬሽን ሲሄድ ሌላው ይሥራ፣ የ6 ወሩ ጊዜም በፈረቃ ይውደቅ። አክሬዲቴሽን ያለው ላብራቶሪ፣ ቢያንስ 3 ነጥብ፣ ከፍተኛው ነጥብ 10 ሚሊሲቨርት አካባቢ። በጣም ኃይለኛ ጨረራ ውስጥ አንዳንድ ጋይገር ታፍኖ ስክሪኑ ወደ ዜሮ ስለሚወርድ፣ ከአቅም በላይ ሲሆን ማስጠንቀቂያ መስጠቱም ይፈተሽ።

የአፈር ጥግግት መለኪያ የያዘ የመንገድ ፕሮጀክት ፍላጎቱ ቀላል ነው። ውስጡ ያለው ጋማ ምንጭ ሲዚየም ስለሆነ ተራው የሲዚየም ካሊብሬሽን በዓመት አንዴ ይስማማዋል። ለእርጥበት የሚያገለግለው አሜሪሲየም-ቤሪሊየም ግን ኒውትሮን ያወጣል። ጋይገር መለኪያ ኒውትሮኑን አያየውም፤ ሰርተፊኬቱም ስለ እሱ አይናገርም። ለሠራተኞቻችሁ ይህን ንገሯቸው።

ብዙ መለኪያ ያለው ሆስፒታል ወይም ዩኒቨርሲቲ የሦስቱን አማራጮች ድብልቅ ቢይዝ እመርጣለሁ። ማመሳከሪያው ወደ ላብራቶሪ፣ የዕለት ተዕለቶቹ በቤት ውስጥ፣ የተበላሸው ወደ አምራች።

በጀቱ አንድ መለኪያ ብቻ የሚገዛ ከሆነ ምርጫው ከግዢው በፊት ይጀምራል። በቅርብ ካሊብሬት ሊደረግ የሚችለው ርካሹ መለኪያ፣ ባሕር ማዶ ካልሄደ ከማይከፈተው ውዱ ይበልጣል። ጨረታው ላይ እነዚህን አስገቡ። የማስተካከያ ሶፍትዌሩና የይለፍ ቃሉ ለገዢው ይሰጣል? ፕሮቡ (ጨረራውን የሚቀበለው ክፍል) የራሱን የካሊብሬሽን ቁጥር ውስጡ ይይዛል ወይስ ከአንድ ማሳያ ሣጥን ጋር ብቻ ነው የሚሠራው? ከማሳያ ሣጥኑ ጋር ብቻ ከሆነ ፕሮብ በተቀየረ ቁጥር ካሊብሬሽኑ ይፈርሳል። አዮን ቻምበር ከሆነ ለ2,300 ሜትር ከፍታ በራሱ ያርማል? ከዕቃው ጋር የሚመጣው ሰርተፊኬት ነጥቦቹንና የተጠቀመውን ምንጭ ይዘረዝራል? አቅራቢው መልሱን በጽሑፍ ካልሰጠ ወደሚቀጥለው ተጫራች እለፉ።